ከሰል የሚሸከመው ሸክላ

አሮጌው ካይሮ ውስጥ፣ ከዐምር ኢብን አል ዓስ መስጊድ ብዙም ሳይርቅ፣ ፎስጣጥ በሚባለው ሰፈር የሸክላ ሠሪዎች መንደር አለ። እኛ ዘንድ ሸክላ የሴት እጅ ሥራ ነው። እዚያ መንኮራኩሩ ላይ የሚቀመጠው ወንድ ነው። በእግሩ የታችኛውን ከባድ ጎማ ይገፋል፤ ከላይ የተከመረው ጭቃ አብሮ ይሽከረከራል። ክምሩ ትልቅ ቢሆንም ሠሪው የሚነካው አናቱን ብቻ ነው። አውራ ጣቱን መሃል ላይ ይሰካል፣ በሌሎቹ ጣቶቹ ከውጭ ይደግፋል፣ እፍኝ የማትሞላ ጽዋ ብቅ ትላለች። ከሥሯ ቀጠን ያለ አንገት ያወጣላታል፤ በክር ቆርጦ ጣውላ ላይ ያሳርፋታል። ወዲያው ሁለተኛዋን ይጀምራል፣ ከዚያ ሦስተኛዋን። ክምሩ እስኪያልቅ ድረስ ጭቃ ለመጨመር እንኳ አይነሳም።

ጭቃው ጠንከር ብሎ፣ ግን ሳይደርቅ፣ የጽዋዋ ወለል ይበሳል። ቀዳዳዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ከሠሪ ሠሪም ይለያያሉ። ከዚያ ፀሐይ፣ ከዚያ ምድጃ። የሚተኮሰው ያለ ምንም የመስታወት ቅብ ስለሆነ ከእሳት ሲወጣ ሻካራና ቀላ ያለ ቡናማ ነው። በዘመኑ ዋጋ ከሚገዙት የሸክላ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ቢሰበርም ማንም አያዝንም።

ግብፆች ይህን ዕቃ ሐጋር ይሉታል፤ በሌላው የዐረብ አገር ራስ ይባላል። የሺሻ ዕቃ ላይ ከሁሉ በላይ የሚቀመጠው፣ ትምባሆውን በሆዱ ከሰሉን በአናቱ የሚሸከመው እሱ ነው። ስለ ሺሻ ሲወራ ሰው የሚያነሳው ያጌጠውን ጠርሙስ፣ የነሐሱን ዘንግና ረጅሙን ቱቦ ነው። ሙያ የሚያውቁ አጫሾች ግን ጣዕሙን የሚያበላሸውም የሚያሳምረውም ይህ ጭቃ እንደሆነ ይነግሯችኋል። እኔም የምስማማው ከእነሱ ጋር ነው፤ ቀሪው የዕቃው ክፍል ጌጥና ቧንቧ ነው።

ምሽት ላይ ከካይሮ ቡና ቤቶች አንዱ ደጃፍ ብትቀመጡ ነገሩ በደንብ ይታያችኋል። ከውስጥ በኩል የአንድ ሰው ሥራ ራሶችን መሙላት ብቻ ነው። ሞላሰስ የተለወሰውን ትምባሆ፣ ሙዓሰል የሚሉትን፣ በጣቱ ቆንጠር እያደረገ ጽዋዋ ላይ ያስቀምጣል፤ የተሞሉት በትሪ ላይ ይሰለፋሉ። ሌላው ልጅ ፍም የሞላ የብረት መያዣ ይዞ በጠረጴዛዎቹ መካከል ይዞራል። ደንበኛው የሚያዘው ሐጋር ነው። ያለቀበት እንደሆነ ልጁ አሮጌውን ራስ ነቅሎ አዲሱን በዘንጉ አፍ ላይ ይሰካል፤ አየር እንዳያስገባ በጨርቅ ወይም በወረቀት ይጠቀልለዋል፤ በመቆንጠጫ ፍሙን ይደረድርበታል። ጠርሙሱ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ወሬውም ሳይቋረጥ ራሱ ብቻ ይለወጣል። ናጊብ ማህፉዝ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «በዓባይ ላይ ወግ» ልንለው በምንችለው ልብ ወለዱ ውስጥ በጀልባ ቤት ላይ የሚሰባሰቡትን ሰዎች ሌሊት ሌሊት የሚያስተሳስራቸው ይኸው የውኃ ማጨሻ ነው። እነሱ የሚስቡት ግን ትምባሆ ብቻ አልነበረም።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል። አጫሹ ሲስብ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ ከውጭ ያለው አየር በፍሙ መካከል አልፎ ይግላል፣ ሙዓሰሉን ያበስላል፣ በወለሉ ቀዳዳዎች ወርዶ በዘንጉ በኩል ውኃው ውስጥ ይንቦጫረቃል። ሙዓሰሉ እንደ ሲጋራ ነድዶ አመድ እንዲሆን አይፈለግም፤ መጥበስና መትነን ነው ያለበት። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሙቀቱ ካነሰ ጭስ የለም፤ ከበዛ ሞላሰሱ ያርራል፣ ጉሮሮ ይቆርጣል። ብረት ሙቀትን ቶሎ ይቀበላል፣ ቶሎም ያሳልፋል። ሸክላ ግን ይዘገያል። ሲሞቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ከሞቀም በኋላ በቀላሉ አይቀዘቅዝም፤ ፍሙ ሲግልም ሲከስምም መሃል ገብቶ ያስታርቃል። የግድግዳው ውፍረት ትርጉም ያለውም ለዚህ ነው።

ቀዳዳዎቹም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። በወለሉ ላይ በቀጥታ ስለተበሱ የሙዓሰሉ ጭማቂ እየቀለጠ ወደ ዘንጉ ይንጠባጠባል። በድሮው ዓይነት፣ ወፍራምና ፍራፍሬ በሌለው ሙዓሰል ይህ ብዙም አያስቸግርም፤ ፍሙም በቀጥታ በላዩ ይቀመጣል። በ1990ዎቹ የፖምና የወይን ጣዕም ያላቸው ፈሳሽ የበዛባቸው ዓይነቶች ሲስፋፉ ግን ፍሙን ከትምባሆው የሚለይ የአልሙኒየም ፎይል አብሮ ተለመደ፤ ጭማቂውን ለማዳን ሲባልም አሜሪካ ውስጥ መሃሉ ላይ አንድ ከፍ ያለ ቀዳዳ ብቻ ያለው ራስ ተሠራ። ዛሬ ከሲሊኮን፣ ከመስታወትና ከብረት የተሠሩም ገበያውን ሞልተውታል። ካይሮ ግን አሁንም ጭቃዋን አልለቀቀችም።

ቅብ የሌለው ሸክላ ይጠጣል። የሞላሰሱ ጭማቂና የቅመሙ ሽታ በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ዘልቆ ይቀራል፤ ትናንት ሚንት የሞላበት ራስ ዛሬ ፖም ቢሞሉበት ሚንቱን ያስታውሳል። ስለዚህ የሚጠነቀቁ አጫሾች ለእያንዳንዱ ጣዕም የተለየ ራስ ይይዛሉ፤ አንዳንዶችም ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈው እንደገና እሳት ያሳዩታል። አዲስ ራስ በመጀመሪያው ቀን አፈር አፈር ይላል፤ ጥቂት ከሠራ በኋላ ነው አደብ የሚገዛው። ለእኛ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሳይሟሽ እንጀራ አይለቅም፤ ሸክላ የትም ቢሄድ መሟሸት ይፈልጋል።

አሁን ወደ ጭቃው። የግብፅ ሸክላ ከጥንት ጀምሮ በሁለት ይከፈላል። አንዱ በቄና አካባቢ ካሉት ኮረብታዎች የሚቆፈረው፣ ኖራ የበዛበትና ሲተኮስ ነጣ የሚለው ነው፤ ውኃ የሚያቀዘቅዙት ጋኖች የሚሠሩት ከእሱ ነው። ሁለተኛው በወንዙ ዳርና በሸለቆው ሜዳ ላይ የተኛው ጥቁር ደለል ነው፤ ብረት ስላለበት እሳት ሲነካው ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ዛሬ ፎስጣጥ ውስጥ ከአስዋን የሚመጣ ጭቃም በሰፊው ይሠራበታል፤ እንደየሠሪውም ይቀላቀላል። ደለሉ ግን ከየት መጣ? ዓባይ ተሸክሞ ከሚወርደው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የጥቁር ዓባይና የአትባራ ነው፤ የአትባራም ዋና ገባር ተከዜ ነው። ነጭ ዓባይ በሱድ ረግረግ ውስጥ ሲንቀራፈፍ አፈሩን ጥሎ ይመጣል። ስለዚህ የግብፅ ጥቁር መሬት በሺዎች ዓመታት ክረምት ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሰሜን ተራሮች የታጠበ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ አፈሩ ግን ማደሪያ አግኝቶ ነበር፤ ከፊሉም እሳት ገብቶ የሺሻ ራስ ሆኗል።

ነበር ያልኩት አውቄ ነው። በ1970 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቅ ግድብ ደለሉን ከግድቡ በላይ፣ በናስር ሐይቅ ወለል ላይ አስቀረው። የጡብ ፋብሪካዎች ደግሞ የእርሻውን የላይኛውን አፈር እየገፈፉ ስለጨረሱት የግብፅ መንግሥት በ1980ዎቹ አፈር መግፈፍን በሕግ ከለከለ። አሁን ከላይ የሕዳሴ ግድብ አለ፤ ደለሉ ድንበር ከመሻገሩ በፊት ጉባ ላይ የሚያርፍበት ጊዜ መጥቷል። የሚመጣው ትውልድ ካይሮ ውስጥ የሚገዛው ሐጋር የእኛ አፈር ያለበት ከሆነ፣ ያ አፈር ከአስዋን ግድብ በፊት የወረደ አሮጌ አፈር ነው።

ትምባሆ ራሱ ለዚህ የዓለም ክፍል እንግዳ ነው። ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ በምሥራቁ ዓለም የተሠራጨው በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ17ኛው መጀመሪያ ነው። ከእሱ ጋር የሸክላ ራስም በየአገሩ ፈላ። ኢስታንቡል ውስጥ ቶፕሃኔ የሚባለው ሰፈር በቀይ የሸክላ ራሶቹ ስም አወጣ፤ በቅርጽ ማውጫ ተጭነው፣ ማኅተም ተመትቶባቸው፣ አንዳንዶቹም ወርቅ ተቀብተው በኦቶማን ግዛት ሁሉ ይሸጡ ነበር። እነዚያ ለረጅሙ ደረቅ ቧንቧ የተሠሩ ነበሩ እንጂ ለውኃው አልነበረም። ሲጋራ ሲመጣ ሙያው ከሰመ፤ ስባሪው ግን አልጠፋም። ሸክላ ይሰበራል እንጂ አይበሰብስም፤ ሰው ደግሞ የተሰበረ ራስ ለማንሳት አይጎነበስም። በ1980ዎቹ ሬቤካ ሮቢንሰን የተባለች ተመራማሪ ከጥንታዊቷ ቆሮንቶስና ከአቴና አደባባይ ቁፋሮ የወጡትን ራሶች በቅርጻቸውና በማኅተማቸው ለይታ ካሳተመች ወዲህ፣ አርኪዮሎጂስቶች የኦቶማን ዘመን ንብርብርን ዕድሜ ለመገመት ይህን ቆሻሻ ይፈልጉታል።

እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ሌን በ1836 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የግብፅ ሰዎች አኗኗር መጽሐፉ የተለያዩ የውኃ ማጨሻዎችን ይገልጻል። አንዱ የመስታወት ጠርሙስና ረጅም ተጣጣፊ ቱቦ ያለው የባለጸጋው ነው። ሌላው ጎዛ ይባላል፤ ሆዱ የኮኮናት ቅርፊት፣ ቧንቧው ሸምበቆ፣ ራሱ ሸክላ፣ አጫሹም ድሃ ነው። ሀብታሙም ድሃውም የሚጋሩት አንድ ነገር ይኸው ሸክላው ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አገራችን ይመለሳል፤ ብዙ ሰው በማያውቀው መንገድ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት ከጣና ሐይቅ ምሥራቅ፣ በያኔው በጌምድር፣ ላሊበላና ናጫቢየት በሚባሉ ዋሻዎች ቆፍራ ነበር። ላሊበላ ሲባል የውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ከተማ እንዳይመስላችሁ፤ ይህ ሌላ ዋሻ ነው። በሙያው ሰዎች ዘንድ ዋሻው የሚታወቀው በእህሉ ነው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ገደማ የነበሩ የገብስ፣ የሽምብራና የባቄላ ቅሪቶች ወጥተውበታል። ከእህሉ በላይ ባሉት ንብርብሮች ደግሞ የማጨሻ ራሶች ተገኙ፤ የሸክላ።

ኒኮላስ ቫን ደር ሜርዌ የተባለ ተመራማሪ የሁለቱን ራሶች የውስጥ ጥላሸት በኬሚካል መረመረ። በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት የካናቢስ ቅሪት እንዳለባቸው አመለከተ። በካርቦን የተገመተው ዕድሜ 1320 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ወደፊትም ወደኋላም 80 ዓመት የመዛነፍ ዕድል አለው። ትምባሆ አፍሪካን ከመርገጡ ከ200 ዓመት በፊት ማለት ነው። ራሶቹም ከውኃ ማጨሻ ጋር ይሠሩ የነበሩ ሳይሆኑ አይቀሩም ተብሎ ታምኗል።

ይህ ግኝት ትንሽ አይደለም። የውኃ ማጨሻን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በሕንድ ከንጉሠ ነገሥት አክባር ቤተ መንግሥት፣ ከፋርሳዊው ሐኪም ከአቡል ፈትህ ጊላኒ ነው፤ ጭሱን በውኃ አሳልፎ ለማጥራት ያሰበው እሱ ነው ይላሉ። ያ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዕድሜው ላይ ክርክር ቢነሳ እንኳ የበጌምድሩ ሸክላ ያንን ትረካ ያናጋዋል። እኛ ግን «የመጀመሪያው የእኛ ነው» ማለት በምንወድበት አገር ይህን አንድ ነገር ዝም ብለን አልፈነዋል። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ካናቢስ ያለበትን ቅርስ በኩራት የሚያነሳ ማን አለ?

የዚያ ራስ ዘመዶች እስከ ቅርብ ጊዜ በአገራችን ነበሩ፤ ጨርሰውም አልጠፉም። ጋያ የሚባለውን ያላየ ከተሜ ይኖራል። ሆዱ ውኃ ያዘለ ቅል ነው፤ ሸምበቆ ይሰካበታል፤ በሸምበቆው ጫፍ የሸክላ ራስ ይቀመጣል፤ በራሱ ላይ የአገር ትምባሆና ፍም። በኦሮሞና በሲዳማ፣ በምዕራብና በደቡብ ባሉ ሌሎች ማኅበረሰቦችም ሽማግሌው ብቻ ሳይሆን አሮጊቷም ጋያዋን ታንቦጫርቅ ነበር። ከካይሮው ጎዛ አጠገብ ብታስቀምጡት የሥጋ ዘመድ ናቸው፤ አንዱ ኮኮናት፣ አንዱ ቅል፣ የሁለቱም አናት ጭቃ።

በደጋው የኦርቶዶክስ አገር ግን ጋያ አልከበረም። ቤተ ክህነት ትምባሆን ታወግዘው ነበር፤ ከአርዮስ መቃብር የበቀለ ነው የሚልም አፈ ታሪክ አለ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ብለው አዝዘዋል ተብሎም ይነገራል። ጋያ የሠራውን ሰው ማን ይጠይቀዋል ታዲያ? ሸክላ ሠሪዋ ራሷ በቡዳ ስም የምትታማ፣ ዳር ላይ የምትኖር ሰው ነበረች። የተናቀ ሰው ለተናቀ ነገር የሠራው ዕቃ በመዝገብ አይገባም።

የዛሬው ሺሻ ከጋያ አልተወለደም፤ ከዐረብ አገር በምሥራቁ መንገድም በአውሮፕላንም መጥቷል፤ ከባሕረ ሰላጤው የተመለሱም ይዘውት ገብተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በዜና የሚነሳው ፖሊስ ከጫት ቤት የለቀመውን ዕቃ ሲያስወግድ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ፣ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ማስገባትም መሸጥም ከልክሏል። ያም ሆኖ የትምባሆ ነጋዴው ዓለም ጠባብ ነው። ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግብፅ ውስጥ ሙዓሰል ሲሠራ የኖረውን ናኽላን የገዛው ጃፓን ቶባኮ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅታችንን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በዓመቱ ደግሞ ከ70 በመቶ በላይ አደረሰው።

ሸክላው ውብ ነው ማለት ጭሱ ደህና ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያጠራውም፤ ጊላኒ አሰበው ከተባለበት ጊዜ ወዲህ ሰው ሁሉ የሚሸነገለው በዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 እ.ኤ.አ. እንዳሳሰበው አንድ ሰዓት ሺሻ የሳበ ሰው ወደ ሳንባው የሚያስገባው የጭስ መጠን የአንድ ሲጋራን ከ100 እስከ 200 እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ፍሙ አለ። በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ የተኛ ሰው ጠዋት እንደማይነሳ የምናውቅ ሰዎች፣ ያው ከሰል ከአፋችን አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲያስምገን እንዴት እንደምንረሳው ይገርመኛል። ግብፅ በመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት በቡና ቤቶች ሺሻን ስትከለክል የፈራችው የሚዞረውን ቱቦ ነበር፤ ፍሙን የከለከለ ግን የለም።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ አጭር ነው፤ ሺሻው ይቅር፣ ሸክላው ግን ይታወቅ። የበጌምድሩ ራሶች ዋሻ ውስጥ 600 ዓመት ተቀብረው ስለቆዩ ተረፉ። የአያቶቻችን ጋያዎች ግን ጎተራ ሥርና ማጀት ውስጥ እየተሰበሩ ናቸው፤ ሠሪዎቻቸውም እያለቁ። ገጠር ዘመድ ጋ ስትሄዱ አሮጌ ጋያ ካገኛችሁ ራሱን አትጣሉት። ጭቃው ከየትኛው ጉድጓድ እንደተቆፈረ፣ ማን እንደሠራችው፣ በምን እንደተተኮሰ፣ ማን እንዳጨሰበት ጠይቁና ጻፉ፤ ጥላሸቱንም አትጠቡት፣ ለተመራማሪ ዋናው ማስረጃ እሱ ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ነው፤ ወስዳችሁ አሳዩ።